በሰባተኛው መስታወት ላይ ያለችው ነጥብ

እትዬ ቁልፍ ጠዋት ጠዋት ሥራ ከመጀመሯ በፊት ምላጮቿን ትቆጥራለች። ትናንት አሥራ አራት ቆጥራ ቆልፋባቸው ከሄደች፣ ዛሬም አሥራ አራት መሆናቸውን ሳታረጋግጥ ሹራቧን አታወልቅም። "እትዬ፣ ምላጭ ደግሞ ማን ይሰርቅዎታል?" ሲሏት፣ "እሱን ባውቅማ ለምን እቆጥራለሁ?" ትላለች።

ቁልፍ ስሟ አይደለም። አንገቷ ላይ በጥቁር ክር የምታንጠለጥላቸው አምስት ቁልፎች ያወጡላት ስም ነው። መጀመሪያ ከኋላዋ በሹክሹክታ ይሏት ነበር፤ እያደር ፊት ለፊት ሆነ፤ አሁን እሷ ራሷ የላብራቶሪውን ስልክ ስታነሳ "ቁልፍ ነኝ" ትላለች።

ሥራዋ መቁረጥ ነው። ከቀዶ ጥገና ክፍል የሚመጣ፣ እንደ ድንጋይ የጠጠረ የኩላሊት ቁራጭ በረዶ በሚተነፍሰው ሣጥን ውስጥ ታስርና፣ የጸጉርን ውፍረት አንድ አሥረኛ በማያክል ስስነት እየላጠች መስታወት ላይ ታሳርፈዋለች። ትንፋሽ ካመለጣት ልጡ ይጠቀለላል፤ እጇ ከተንቀጠቀጠ ይቀደዳል። በእያንዳንዱ መስታወት ላይ ከአንድ ሰው ኩላሊት ሁለት ልጥ ይቀመጣል፤ በግራ ከጤነኛው ወገን፣ በቀኝ ከታመመው። ላዩ ላይ ነጭ ዱቄት ይረጫል። ከዚያ መስታወቱ ወደ ማሽኑ ይገባል። ማሽኑ በሌዘር ነጥብ በነጥብ እየነካ ከየነጥቡ የሚነሱትን ቅንጣቶች ይመዝናል። ክብደታቸው ከታወቀ ምንነታቸው ይታወቃል፤ ነጥቦቹ አንድ ላይ ሲሰበሰቡ ደግሞ ሥዕል ይሆናሉ፣ በሽታው የት የት እንዳደፈጠ የሚያሳይ ሥዕል።

ሃያ ሁለት ዓመት እንዲህ ስትቆርጥ ኖራለች። ከሦስት ዓመት በፊት ግን የሁለት መስታወቶች ግራና ቀኝ ተቀያይሮ ተገኘ። ጤነኛው የታመመ፣ የታመመው ጤነኛ ተብሎ። ማን እንዳቀያየረው አልታወቀም፤ ቆራጯ ግን እሷ አንዷ ብቻ ነበረች። የላብራቶሪው ኃላፊ ዶክተሯ ደብዳቤ ጻፈችባት። ደብዳቤው ግማሽ ገጽ እንኳ አይሞላም። መሃሉ ላይ "በግዴለሽነት" የሚል ቃል አለ፤ ግርጌው ላይ ደግሞ ሁለተኛ ደብዳቤ ከተጻፈባት ከቁረጣው ክፍል እንደምትነሳ ተጽፏል።

ምላጭ ቆጣሪዋ ሴት ግዴለሽ ተባለች። ያቺን ቃል ሦስት ዓመት ሙሉ ደረቷ ውስጥ እንደተሰካች መርፌ ይዛት ኖረች። ከዚያ ወዲህ መስታወቶቹን ወደ ማሽኑ የምታስገባው ዶክተሯ ራሷ ሆነች። ከዚያ ወዲህ እትዬ ቁልፍም ሰው ማመን እርግፍ አድርጋ ተወች።

በዚያ ሰኞ ዶክተሯ አንድ ሰው አስከትላ ገባች። ሠላሳዎቹን ያጋመሰ፣ ጸጉሩ ከግንባሩ ቀደም ብሎ መሸሽ የጀመረ፣ ሰው ሲያናግር ጫማውን የሚያይ ሰውዬ ነው።

"ሶፍትዌር ሊጭንልን ነው" አለች ዶክተሯ። "የማሽኑን ፋይሎች የሚቀይር። ይህ ኮምፒውተር ዛሬ ነገ ይሞታል፤ ፋይሎቹን ደግሞ ከአምራቹ ፕሮግራም በቀር የሚከፍታቸው የለም። አብረውን የሚያጠኑት የሌላው ሆስፒታል ሰዎች እስከ ሐሙስ የአሥራ ሁለት መስታወቶችን ፋይል ሁሉም በሚያነበው የጋራ ዓይነት ይፈልጋሉ። ካልሆነ ያለ እኛ ይቀጥላሉ። እትዬ፣ አጠገቡ ይሁኑ።"

አጠገቡ ይሁኑ ማለት ምን ማለት ነው? እርዱት ማለት ነው ወይስ ጠብቁት? ወይስ እሱ እኔን ሊጠብቅ ነው የመጣው? እትዬ ቁልፍ ይህን በልቧ እያብሰለሰለች ወንበሯን ከሰውዬው ጀርባ ጎትታ ተቀመጠች። ደብተሯንም ከፈተች።

"ፕሮግራሙ ከየት ነው የመጣው?" አለችው።

"ከኢንተርኔት፣ እትዬ። የዩኒቨርሲቲ ሰዎች ሠርተው የለቀቁት ነው። ነጻ ነው።"

"ነጻ?"

"አዎ።"

"ምን ሊያገኙበት ነው የለቀቁት?"

ጫኙ ትከሻውን ሰበቀ። "እንጃ። ደግነት ይሆናላ።"

ደግነት የሚለው ቃል ጥርጣሬዋን እጥፍ አደረገው። በደብተሯ ላይ "ነጻ ነው ይላል" ብላ ጻፈችና ከሥሩ ሁለት ጊዜ አሰመረችበት።

ፕሮግራሙ እንደተጫነ ሊነሳ እምቢ አለ። ስክሪኑ ላይ ቀይ ጽሑፍ መጣ። ሰውዬው ስልኩን አውጥቶ ፎቶ አነሳው። ጻፈች፤ "ስክሪኑን በስልክ አነሳ"።

"ለምንድን ነው የምታነሳው?"

"ስህተቱን ፈልጌ ላንብበው ብዬ ነው። የአምራቹን ፋይል የሚያነብለት ሌላ ቁራጭ ፕሮግራም ይፈልጋል፤ እሱ አጠገቡ ከሌለ ዓይን እንደሌለው ሰው ነው። ብዕር አለዎት?"

ሰማያዊ ብዕሯን ሰጠችው። መዳፉ ላይ አንድ ቁጥር ጻፈና ብዕሩን የራሱ ኪስ ውስጥ ሻጥ አደረገው። እትዬ ቁልፍ ሌላ ብዕር ከመሳቢያዋ አወጣችና ጻፈች፤ "ብዕሬን ወሰደ"።

የጎደለው ቁራጭ ተገኝቶ ተጫነ። ሰውዬው የመጀመሪያውን መስታወት እንዲቀይር አዘዘው። ፕሮግራሙ ፋይሉን አላገኘሁትም አለ። ደግሞ ቢያዝዘው አሁንም አላገኘሁትም አለ። ሰውዬው አንገቱን አስግጎ የፎልደሩን ስም አነበበ። ያወጣችው እሷ ናት፤ "እባካችሁ እንዳትነኩ!!!" ይላል።

"እትዬ፣ ይህን ስም እርስዎ ነዎት ያወጡለት?"

"ታዲያስ?"

"ፕሮግራሙ ቃለ አጋኖ አይወድም። በቃላቱ መሃል ያለው ባዶ ቦታም ያደናቅፈዋል። ስሙን ልቀይረው?"

"ዋናውን አትነካም።"

"ስሙን ብቻ እኮ ነው።"

"ዛሬ ስሙን፣ ነገ ሌላውን። ቅጂ አድርግና የቅጂውን ስም እንደፈለግህ ጥራው።"

ይቆጣል ብላ ስትጠብቅ ሰውዬው ፊቱ በራ። "ልክ ነዎት፤ ከቅጂ ነው መሥራት ያለብኝ" አለ። "ቅጂው ከዋናው አንዲት ፊደል እንኳ እንዳይለይ ደግሞ አሻራውን እንወስዳለን። ፋይል አሻራ አለው፤ አንዲት ነገር ከተነካች አሻራው ሌላ ይሆናል።" ስክሪኑ ላይ ስልሳ አራት ፊደልና ቁጥር የተጠላለፈበት ረጅም መስመር አወጣላት።

እትዬ ቁልፍ በሕይወቷ እንዲህ የሚጥም ነገር ሰምታ አታውቅም። ቢሆንም ፊቷን አልፈታችም። ስልሳ አራቱንም አንድ በአንድ ወደ ደብተሯ ገለበጠች፤ ለአሥራ ሁለቱም መስታወቶች። አንድ ገጽ ተኩል ሞላ። ጫኙ የሌላ ነገር ቢያስመስልም ከንፈሩን ነክሶ ሳቁን ሲውጥ አይታዋለች።

ማክሰኞ ፕሮግራሙ መሥራት ጀመረ። ከአንዱ መስታወት ሁለት ፋይል ይወጣል፤ አንዱ ትንሽ፣ አንዱ በጣም ትልቅ።

"ሁለት ለምን ሆነ? አንዱን ለማን ልትሰጥ ነው?"

"ኧረ እትዬ። እነዚህ ባልና ሚስት ናቸው። ትንሹ ምን የት እንዳለ ይናገራል፣ ትልቁ ሸክሙን ይሸከማል። አንዱን ከአንዱ ከነጠሏቸው ሁለቱም አይከፈቱም።"

"ወሬኛው ትንሹ ነው በለኛ።"

"እንደዚያ ነው።"

ልብስ ሰፊ ባሏን አሰበች፤ ከቁመቱ ይልቅ ወሬው የሚረዝመውን። ልትስቅ ነበር፤ ግን ከማታምነው ሰው ጋር መሳቅ ራሱን የቻለ ፊርማ ስለሚመስላት ተወችው።

የመጀመሪያው ሥዕል ሲከፈት የኩላሊቱ ጠርዝ እንደ ማበጠሪያ ጥርስ ተፈነቃቅሎ መጣ። "ቀደድከው" አለችው፣ ቁራጩ እጁ ላይ ያለ ይመስል።

"አልተቀደደም። ማሽኑ ወለል እንደሚወለውል ሰው ነው የሚሄደው፤ አንዱን መስመር ሲሄድ፣ ሌላውን ሲመለስ። እኔ ደግሞ ሁሉንም ሲሄድ ነው ብዬ ነገርኩት። ቆይ።" አንዲት ምርጫ ቀየረ፤ የነጥቦቹን ስፋት አስተካከለ፤ እንደገና አስቀየረ። ሥዕሉ ሲመጣ ጠርዙ ሙሉ ነበር። እትዬ ቁልፍ ከዓመት በፊት ራሷ የቆረጠችውን ልጥ፣ ከላይ በኩል ያለችውን ትንሽ ስንጥቅ ሳትቀር፣ እንደ ልጇ ፊት ለየችው።

ረቡዕ ከሰዓት በኋላ አሥራ ሁለቱም አልቀው በሦስት ረድፍ ስክሪኑ ላይ ተደረደሩ።

"እትዬ፣ ይህ ምንድን ነው?" አለ ጫኙ።

ጣቱ ከኩላሊቱ ውጭ፣ የመስታወቱ ቀኝ ግርጌ ላይ ነው። የሰሊጥ ፍሬ የምታህል ነጥብ እዚያ ጥግ ላይ ደምቃ ታበራለች። "ክብደቷ ሦስት መቶ ሰባ ሁለት ነው፤ ትናንት በዚህ ክብደት ስላላየሁ አምልጣኝ ነበር። ከኩላሊቱ ሁሉ በላይ የምትጮኸው እሷ ናት። አሮጌው ፕሮግራም ዶክተር ምልክት ያደረጉበትን የኩላሊቱን ክልል ብቻ ነበር የሚያሳየው። ይሄኛው ማሽኑ የነካውን ሁሉ ያወጣል።"

መጀመሪያ ያሰበችው አንድ ነገር ነው፤ ይህን ያደረገው እሱ ነው። ሰኞ ፎቶ ያነሳው፣ ደግነት ያለው፣ ብዕሬን የወሰደው። ብዕር። እዚህ ላይ አሳቧ ቆመ።

ነጥቧ የራሷ ናት። ከደብዳቤው በኋላ በእያንዳንዱ መስታወት ቀኝ ግርጌ ላይ በሰማያዊ ብዕሯ አንዲት ነጥብ ጠቅ ማድረግ ጀምራ ነበር። የመስታወቱ ፊት ምልክት የለውም፤ ቢዞር ቢገለበጥ አያስታውቅም፤ ቁጥሩም ከጀርባው የተጫረ በመሆኑ መያዣው ውስጥ ከገባ አይታይም። ዱቄቱ ሲረጭ ነጥቧን ይሸፍናታል። ለማንም አልተናገረችም፤ ደብተሯ ላይ እንኳ አልጻፈችውም። ግድግዳው ላይ ደግሞ በራሷ የእጅ ጽሑፍ "ከልጡና ከዱቄቱ በቀር በመስታወቱ ላይ አንዳች ነገር አይደረግም" የሚል ወረቀት ተለጥፏል። ሁለተኛው ደብዳቤ ከዚያ ወረቀት ሥር የተቀመጠ ያህል ታያት።

"ጠርዙን ልቁረጠው?" አለ ሰውዬው። "ፋይሉም ይቀላል። ከኩላሊቱ ውጭ ያለውን ማን ይፈልገዋል?"

ቀና ብላ አየችው። አውቆ ነው እንዲህ የሚለው? ሊያወጣኝ ነው ወይስ ሊያስገባኝ? እሱ ግን እንደ ልማዱ ጫማውን ነው የሚያየው።

"ቁረጠው" ልትል አፏን ከፈተች። ከዚያ ዓይኗ በረድፉ ላይ ተንሸራተተ፤ የመቁጠር ልማዷ ነው። ቀኝ ግርጌ፣ ቀኝ ግርጌ፣ ቀኝ ግርጌ። ሰባተኛው ላይ ነጥቧ በግራ፣ ከላይ ናት።

ሦስት ጊዜ ቆጠረች። ሰባተኛው መስታወት ማሽኑ ውስጥ ዞሮ ነው የገባው። ዞሮ ከገባ ግራው ቀኝ ሆኗል፤ የታመመው ጤነኛ ተብሎ ተመዝግቧል። ይህን የሚያውቅ በምድር ላይ እሷ ብቻ ናት። የምትናገርላት ደግሞ ያልተፈቀደችው ነጥብ ብቻ ናት።

"ተው፣ አትቁረጥ" አለች። "እስከ ነገ እንዳለ ይቆይ።"

ወደ ቤት ስትሄድ በባሏ ሱቅ በኩል አለፈች። አንድ ያላለቀ ኮት ጠረጴዛ ላይ ዘርግቶ እጅጌ እየገጠመ ነው። ገና ፊቷን ሲያይ መቀሱን አስቀመጠ።

"የኔ መርማሪ፣ ዛሬ ደግሞ ማን ተያዘ?"

"እኔ።"

ነገሩን ከሥር ከመሠረቱ ነገረችው። አፉን ዘግቶ ሰማት፤ ለእሱ ይህ ትልቅ ነገር ነው። ከዚያ እጅጌውን ገልብጦ በውስጥ በኩል ያለውን የጠመኔ ምልክት አሳያት። ነጥቧን የተማረችው ከዚሁ ጠረጴዛ ነው።

"ይህን ሳላራግፍ ብሰጠው ባለ ኮቱ ይቆጣኛል" አለ። "የግራውን እጅጌ በቀኝ ገጥሜ ብሰጠው ግን ምን ይለኛል?"

"አንተን ሌላ ሱቅ ሄዶ ይተውሃል። እኔ ግን ሌላ ሱቅ የለኝም።"

ባሏ ጠመኔውን በጣቱ ያብስ ጀመር። ያለጊዜው ነበር፤ እጅጌውን ገና አልሰፋውም።

ሐሙስ ጠዋት እትዬ ቁልፍ ምላጮቿን ቆጠረች፤ አሥራ አራት ናቸው። ከዚያ ዶክተሯን ወደ ማሽኑ ክፍል ጠራቻት። ጫኙ ስክሪኑ ፊት ተቀምጦ ነበር። ይውጣ ልትል አሰበችና ምስክር ቢኖር አይከፋም ብላ ተወችው።

"ዶክተር፣ ሰባተኛው መስታወት ዞሮ ነው የገባው" አለች።

ዶክተሯ እጆቿን አጣምራ ሥዕሉን አየች። "በምን አወቁ?"

"በነጥቧ። የብዕር ነጥብ ናት። እኔ ነኝ የማደርጋት፤ ሁልጊዜ ቀኝ ግርጌ።"

ዶክተሯ ወደ ስክሪኑ ተጠግታ ነጥቧን አየች።

"የብዕር ነጥብ" አለች ዶክተሯ ቀስ ብላ። "በበሽተኛ ናሙና ላይ። እዚያ ግድግዳ ላይ ምን ተጽፏል?"

"የጻፍኩት እኔ ነኝ፣ አውቀዋለሁ።"

"ለምን አደረጉት?"

"እንዳይገለበጥ።"

"ማን እንዳይገለብጠው?"

እትዬ ቁልፍ አንገቷ ላይ ያሉትን ቁልፎች ያዘች። "ከደብዳቤው በኋላ ማንንም አላመንኩም፣ ዶክተር። ራሴንም ጭምር።"

ዶክተሯ ወደ ጫኙ ዞረች። "ፕሮግራሙ ገልብጦት ቢሆንስ? የጫኑት እርስዎ ነዎት።"

"አሥራ ሁለቱም በአንድ ትእዛዝ ነው የተቀየሩት" አለ ሰውዬው። "አሥራ አንዱን በትክክል አውጥቶ አንዱን ለይቶ አያዞርም።"

"ብዕር ለመሆኑስ? ሌላ ቆሻሻ ቢሆንስ?"

ሰውዬው ኪሱን ዳበስ አድርጎ ሰማያዊውን ብዕር አወጣ። "የእትዬ ብዕር እዚህ አለ። ለምን አንመዝነውም?"

እትዬ ቁልፍ በባዶ መስታወት ላይ አንዲት ነጥብ ጠቅ አደረገች፤ ሰውዬው ብዕሩን ተቀብሎ መልሶ ኪሱ ከተተው፤ ዱቄት ተረጨበት፤ ዶክተሯ ራሷ ወደ ማሽኑ አስገባችው። ሩብ ሰዓት ጠበቁ። ማንም አልተቀመጠም። ስክሪኑ ላይ አንድ ረጅም መስመር ቀጥ ብሎ ወጣ፤ ሦስት መቶ ሰባ ሁለት።

ዶክተሯ የማሽኑን መዝገብ እንዲከፍት አዘዘችው። ጫኙ አነበበ፤ ሰባተኛው መስታወት የገባበት ቀን፣ ሰዓት፣ ያስገባው ሰው የመለያ ቁጥር። ቁጥሩን ሲያነብ ድምፁን ዝቅ አደረገ፤ የማን እንደሆነ ሦስቱም ያውቃሉ።

ዶክተሯ ለመጀመሪያ ጊዜ ወንበር ሳበችና ተቀመጠች። መነጽሯን አውልቃ ጠረገችው። "እኔ ነኝ" አለች። ከዚያም፣ "የያኔዎቹ ሁለቱ... እነሱ ላይ ነጥብ የለም አይደል?"

"የለም" አለች እትዬ ቁልፍ። "ያን ጊዜ ሰው አምን ነበር።"

"ታዲያ ማወቅ አይቻልም።"

"አይቻልም።"

"በደንቡ ከሆነ ደብዳቤ ልጽፍብዎት ይገባል" አለች ዶክተሯ።

"አውቃለሁ።"

"ከጻፍኩ ግን ሁለት ነው የምጽፈው። አንዱን በራሴ ላይ።" መነጽሯን መልሳ አደረገች። "የሰባተኛውን ግራና ቀኝ አስተካክላችሁ ላኩት። የሆነውንም ከነነጥቧ ጽፋችሁ አያይዙበት። እኔ እፈርማለሁ።"

ጫኙ የሰባተኛውን መግለጫ አስተካከለ፤ ባልና ሚስቶቹን ፋይሎች ጥንድ ጥንድ አድርጎ ላካቸው። ከሌላው ሆስፒታል መልስ የመጣው አሥር ሰዓት ገደማ ነው፤ አሥራ ሁለቱም ተከፍተዋል፤ ማስታወሻውንም አንብበውታል፤ የቀረውን ላኩልን ይላሉ።

አርብ ጠዋት ጠረጴዛዋ ላይ አዲስ የሥራ ቅጽ ተቀምጦ አገኘች። ከበፊቱ አንድ መስመር ጨምሯል። "የአቅጣጫ ነጥብ፣ በብዕር፣ ከልጡ ውጭ፣ ቀኝ ግርጌ" ይላል፤ አጠገቡም ሁለት የፊርማ ቦታ አለ፤ አንዱ የቆራጭ፣ አንዱ የአስገቢ። እትዬ ቁልፍ ወረቀቱን ብርሃን ላይ ይዛ አነበበችው። ገልብጣ ጀርባውን አየች። እንደገና አነበበችው። ወጥመዱ የት እንደሆነ አላገኘችውም፤ የለም ብላ ለማመን ግን ጊዜ ያስፈልጋታል። ግዴለሽ ያላት ደብዳቤ ከፋይሏ ወጥቶ እንደሆነም ማንም አልነገራትም። ሰኞ መዝገብ ቤት ሄዳ ታጣራለች።

ጫኙ ቦርሳውን አንግቶ ሊሰናበታት መጣ። "በሉ እትዬ፣ ደህና ይሁኑ። በየሄድኩበት እንደ እርስዎ ያለ ጠባቂ ባገኝ ስህተት አልሠራም ነበር።"

እያሾፈ ነው? ፊቱን መረመረችው። ዛሬ ጫማውን አያይም፤ እሷን ነው የሚያየው።

"ደህና ሁን ልጄ" አለችው። ከዚያ እጇን ዘረጋች። ሊጨብጣት ሲል መዳፏን ወደ ላይ ገለበጠችው።

"ብዕሬን።"